አምስት ክፍል፣ ሰባት ጥራዝ፦ የማርቲንን ተከታታይ ደሴ ላይ ለሚጀምሩ

ለዙፋን ስለሚጋደሉ የመኳንንት ቤቶች የሚተርከው የጆርጅ አር አር ማርቲን ልብ ወለድ ተከታታይ «ኤ ሶንግ ኦቭ አይስ ኤንድ ፋየር» ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መሀል ቢገኝም ሙሉው ባንድ ላይ መገኘቱ ብርቅ ነው። አንዱ ጋ ሁለተኛው፣ ሌላው ጋ አራተኛው ይኖራል። ለቃቅሞ መግዛት ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ መቁጠር ማወቅ ያስፈልጋል።

እስካሁን የታተሙት ክፍሎች አምስት ናቸው፤ በ1996፣ በ1998፣ በ2000፣ በ2005 እና በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። የእንግሊዝ አገር የወረቀት ሽፋን እትም ግን ሦስተኛውንና አምስተኛውን ለሁለት ለሁለት ስለሚከፍላቸው ጥራዞቹ ሰባት ይሆናሉ። «ኤ ስቶርም ኦቭ ሶርድስ» ከሚለው ሥር «ስቲል ኤንድ ስኖው» ወይም «ብለድ ኤንድ ጎልድ» የሚል ካያችሁ የያዛችሁት ግማሹን ነው፤ ቀዳሚው «ስቲል ኤንድ ስኖው» ነው። በአምስተኛውም «ድሪምስ ኤንድ ደስት» ይቀድማል፣ «አፍተር ዘ ፊስት» ይከተላል። ሽፋኑ ተገንጥሎ በካኪ ወረቀት የተለበጠ ከሆነ የውስጡን የርዕስ ገጽ ተመልከቱ። ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ገዝቶ «ታሪኩ ከመሀል ይጀምራል» የሚል ሰው ደራሲውን ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቅሰው።

ቀጥሎ መጽሐፉን ከኋላ ክፈቱት። መጨረሻው ላይ የየቤቱ መኳንንት፣ ሚስቶች፣ ልጆችና ሎሌዎች ዝርዝር አለ። አሮጌ መጽሐፍ ሲበተን ደግሞ የሚረግፉት የፊትና የኋላ ገጾች ናቸው፤ ካርታው ከፊት፣ ዝርዝሩ ከኋላ ይሄዳል። ያለዚያ ዝርዝር ሁለተኛው ክፍል ላይ ማን የማን ወገን እንደሆነ ይጠፋችኋል። ሦስተኛም መሀሉን ገልጣችሁ ጀርባው የተሰነጠቀበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከስንጥቁ በፊትና በኋላ ያሉት የገጽ ቁጥሮች ተከታታይ መሆናቸውን እዩ። የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን 800 ገጽ ገደማ ስለሆነ ሙጫው መሀል ላይ መልቀቁ የተለመደ ነው።

የለቀቀውን ማዳን ይቻላል። ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ቢጫ ይሆናል፣ ሲላጥም ፊደሉን ይዞ ይነሳል። ቀጭን መስመር ኮላ ጀርባው ውስጥ አፍስሱ፣ የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከባድ ነገር ጭናችሁበት አሳድሩት። ኮላው ከበዛ ገጾቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በክረምት ደግሞ የደሴ ጉም ያበጠ ወረቀት ሳይደርቅ ከተጣበቀ ተወላግዶ ይቀራል፤ ቀድማችሁ አድርቁት። ኮምቦልቻ ላለ አንባቢ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ሙቀት ላይ የከረመ ሙጫ ደርቆ ስለሚሰባበር መጽሐፉን ለጥጣችሁ አትክፈቱት።

አሁን ወደ ይዘቱ። ይህን ተከታታይ ያነበቡ ሰዎች ሲገናኙ ስለ ድራጎኖቹ ብዙም አይከራከሩም። የሚከራከሩት ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ነው፤ ጭቅጭቁን የሚፈጥረውም የአጻጻፉ ብልሃት ነው። ምዕራፎቹ ቁጥር የላቸውም፤ በአንድ ሰው ስም፣ በኋለኞቹ ክፍሎች አንዳንዴም በቅጽሉ ይሰየማሉ፣ ያ ሰው ካላየው፣ ካልሰማው፣ ካላሰበው በቀር ምንም አይነገርም። በመጀመሪያው ክፍል ከመቅድሙ ሌላ በስምንት ሰዎች ዐይን ነው የምናየው፤ ከስምንቱ ስድስቱ የስታርክ ቤት ልጆችና ወላጆች ናቸው። ከባላንጣቸው ከላኒስተር ቤት ቲሪየን ብቻ አለ። ላኒስተሮችን የምንጠላው በክፋታቸው ብቻ አይደለም፤ ክሱን የምንሰማው ከከሳሾቻቸው ቤት ስለሆነም ጭምር ነው።

ጄሚ ላኒስተርን ውሰዱ። ገና በመጀመሪያዎቹ አሥር ምዕራፎች ውስጥ የሰባት ዓመቱን የስታርኮች ልጅ ብራንን ከመስኮት ገፍትሮ ይጥለዋል። ከዚያ ሁለቱ ክፍሎች መቅድሞቻቸውን ጨምሮ 143 ምዕራፍ ሲሆኑ አንዱም በእሱ ስም አልተሰየመም። ሦስተኛው ክፍል ሲከፈት ከመቅድሙ ቀጥሎ የሚመጣው ስም «ጄሚ» ነው። ከዚህ በኋላ አንባቢው ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ «ሰውየው በደል አለበት፣ ግን የራሱም ታሪክ አለው» ይላል፣ ገሚሱ «መስኮቱን አንረሳም» ብሎ ይቆማል። የሁለተኛው ወገን ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ብራን ከዚያ ወዲህ ባሉት ምዕራፎቹ ሁሉ እግሩን አያዝም፣ መጽሐፉም ዕዳውን አይሰርዝም። በመጀመሪያው ክፍል «ብራን» የሚለው ስም ለሁለተኛ ጊዜ የመጣበትን ምዕራፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ጄሚን በራሱ አንደበት ከሰማችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ስታነቡት የዚያ ገጽ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሌላ ይመስላል።

ቲዎን ግሬይጆይ ብዙ ሌላ አገር አንባቢ በቶሎ የሚፈርድበት ሰው ነው። አባቱ ዐምፆ ሲሸነፍ በአሥር ዓመቱ በመያዣነት ተወስዶ በስታርኮች ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ አባቱ ዳግም ቢያምፅ አንገቱ ይቀላል። ይህ ለወሎ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ምኒልክ በ1848 ዓ.ም. ሸዋ ሲሸነፍ በልጅነታቸው ተወስደው በቴዎድሮስ እጅ አደጉ፤ አጤው በክብር አሳደጓቸው፣ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ ግን እዚያው በመያዣነት የነበረው የወሎዋ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ተገደለ። የሚወድህ አሳዳጊና ሊገድልህ የሚችል አሳሪ አንድ ሰው ሲሆን ልጁ ምን ሆኖ እንደሚያድግ መቅደላን የሚያውቅ ይገባዋል። የቲዎንን ምዕራፎች ሁለተኛው ክፍል ላይ ስታገኙ ይህን ይዛችሁ ግቡ። ሥራው ይቅር የሚያሰኝ አይደለም፤ ከየት እንደመጣ ግን ይታያል።

የስታርኮችን ልጅ ሳንሳን የሚራገሙ አንባቢዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ በመጀመሪያው ክፍል ዕድሜዋ 11 ነው። እናቷ ካትሊን ጆንን ስለምትገፋው መወቀሷ ተገቢ ነው። እዚህ አገር ግን የባሏን ዲቃላ ከልጆቿ እኩል ገበታ ላይ ያየች ሴት ምን እንደሚሰማት አስረዱን የሚል ብዙ አይገኝም።

አራተኛው ክፍል ላይ ብዙ ሰው ያቆማል፤ የሚወዷቸው ሰዎች ስለሚጠፉ ነው። ደራሲው አራተኛውንና አምስተኛውን የከፈላቸው በአብዛኛው በጊዜ ሳይሆን በቦታ ነው። በአራተኛው የቲሪየን፣ የጆንና የዴነሪስ ምዕራፍ የለም፤ በአምስተኛው ተመልሰው ጊዜው ጎን ለጎን ይሄዳል። አሰልቺ የሚሉት አልተሳሳቱም፤ ከሦስተኛው አንፃር ቀዝቃዛ ነው። የላኒስተሯ ንግሥት የሰርሴይ ምዕራፎች ግን የሚጀምሩት እዚያ ነው፤ ራሷን ብልህ እያለች ስትሳሳት ከውስጥ መመልከት ብቻውን የመጽሐፉን ዋጋ ያወጣል። ሁለቱን እያፈራረቁ ማንበብን የሚመክሩ አሉ፤ ለሁለተኛ ንባብ ይሁን። ስድስተኛው አልወጣም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ያለቀው «ጌም ኦቭ ትሮንስ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ተከታታይም መጽሐፎቹን ቀድሞ ስለጨረሰ ፊልሙን ማየት የመጽሐፉን መጨረሻ እንደማወቅ አይቆጠርም።

በስልክ ለስልክ የሚዘዋወረው ፒዲኤፍ ገንዘብ ያተርፋል፣ ንባቡን ግን ይጎዳል። ማርቲን ሰዎቹ በልባቸው የሚሉትን በዘመመ ፊደል ነው የሚያትመው። በችኮላ የተገለበጠ ፋይል ላይ ዘመሙ ይጠፋል፤ ሰውየው በአፉ ያለውና በሆዱ የያዘው ይደባለቃል። ስለ በጎና ክፉ የሚደረገው ክርክር የተንጠለጠለው ደግሞ በዚያ ልዩነት ላይ ነው። ፎቶኮፒም ቢሆን በውስጠኛው ኅዳግ በኩል የመስመሩን ጫፍ እየቆረጠ እንዳይሆን ከመሀል አንድ ገጽ ሞክሩ።

መጽሐፍ በቀን ሒሳብ ለሚከራይ ደግሞ፦ ሦስተኛው ክፍል ሁለቱ ግማሾች ሲደመሩ 1000 ገጽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። እንግሊዝኛው ከብዷችሁ በቀን 40 ገጽ ብትሄዱ 25 ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያውን ተከራይታችሁ ሞክሩ፤ ሦስተኛውን ግዙት።