ከአያት ወዲያ ያለ የኬሞቴራፒ ማዕከል፦ በመድኃኒት ማዘጋጃ ክፍሉ ሲመዘን

የቀላል ባቡሩ መስመር ከሚያበቃበት ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኘውን ይህን የግል ማዕከል በስሙ የማልጠራው ከምስጋናዬ ጋር ወቀሳም ስላለኝ ነው። አክስቴን ለትልቁ አንጀት ካንሰር ሕክምና ሳመላልስ ሠራተኞቹ ትሑቶች፣ ወንበሮቹ ምቹ፣ የመኪና ማቆሚያው ደግሞ ጠባብና በክረምት በጭቃ የሚዋጥ መሆኑን አይቻለሁ። በእነዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው በመሆኔ ዓይኔ ያረፈው በመስታወት በተከለለው የመድኃኒት ማዘጋጃ ክፍል ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ተቋም መመዘን ያለበትም ከእንግዳ መቀበያው ይልቅ በዚህ ክፍል ይመስለኛል።

በማዕከሉ ዘወትር የሚሰጡት ሲስፕላቲን፣ ካርቦፕላቲንና ኦክሳሊፕላቲን ሦስቱም ፕላቲነም የተባለውን ብረት መሐል ላይ የያዙ ውህዶች ናቸው። ፕላቲነሙን የከበቡት ሊጋንዶች (ከብረቱ ጋር የተሳሰሩ አተሞች ወይም ሞለኪውሎች) ፈሳሽ ውስጥ ሲገቡ ሊላቀቁና በሌላ ሊተኩ ይችላሉ፤ የመድኃኒቱ ኃይልም ጣጣም የሚመጣው ከዚሁ ጠባይ ነው። ሲስፕላቲንን ብንወስድ፣ በደም ውስጥ ክሎራይድ (የገበታ ጨው አንዱ ክፍል) በሊትር 100 ሚሊሞል ገደማ ስላለ የራሱን ክሎራይዶች በአብዛኛው እንደያዘ ይጓዛል፤ ክሎራይድ እጅግ ወደሚያንስበት ወደ ሴሉ ውስጥ ሲዘልቅ ግን ውሃ ክሎራይዶቹን ይተካና ፕላቲነሙ ከዲኤንኤው ጋር ይተሳሰራል። ስለዚህ ሲስፕላቲን የሚበረዘው ክሎራይድ ባለበት በኖርማል ሳላይን፣ ማለትም በጨው ውሃ ነው። በንጹሕ ውሃ ወይም በዴክስትሮስ (በስኳር ውሃ) ብቻ ከተበረዘ ሴሉ ውስጥ መሆን የነበረበት ለውጥ ለታካሚው በሚሰቀለው ከረጢት ውስጥ ይጀምራል። ካርቦፕላቲን በበኩሉ ሊጋንዱ በሁለት በኩል አጥብቆ ስለያዘው ቀስ ብሎ ይላቀቃል፤ በዚህም ምክንያት ከፍ ባለ መጠን ይሰጣል፣ ኩላሊትንም ያን ያህል አይጎዳም። በአንጻሩ ለካንሰር ተሞክረው የነበሩት የታይታኒየም ውህዶች ገበያ ላይ ያልደረሱበት አንዱ ምክንያት ውሃ ውስጥ ቶሎ መፈራረሳቸው ነው።

የፋርማሲ ባለሙያውን ብቃት ያየሁት በአንድ ጭቅጭቅ ላይ ነው። አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። አጠገባቸው ለነበሩት ታካሚ ሲስፕላቲን በኖርማል ሳላይን ተሰቅሎ ሳለ፣ ለእርሳቸው የመጣው ኦክሳሊፕላቲን ባለ 5 በመቶ ዴክስትሮስ ውስጥ የተበረዘ ነበር። የአክስቴ ልጅ ጽሑፉን አንብቦ «እናቴ ስኳር አለባት እኮ! ለእኛም በጨው ውሃ አድርጉልን እንጂ» ብሎ ተቆጣ። ባለሙያው ጓንቱን አውልቆ ወጣና «ወንድሜ፣ የእናትህ መድኃኒት ከጨው ጋር አይስማማም፤ ብጨምረው ከረጢቱ ውስጥ እያለ ይበላሻል። ስኳራቸውን እየለካን እንከታተላለን፤ ዴክስትሮሱን ግን አልለውጠውም» አለው።

ልክ ነበር። ክሎራይድ በኦክሳሊፕላቲን ላይ ያለውን ኦክሳሌት የተባለ ሊጋንድ አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል። ደም ውስጥስ ክሎራይድ የለም ወይ የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ለውጥ የመድኃኒቱ መጠን ሲወሰን የታሰበበት ነው፣ ከረጢት ውስጥ የሚጀምረው ለውጥ ግን አልታሰበበትም። በ250 ሚሊ ሊትር ዴክስትሮስ ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ 12.5 ግራም ነው። ነርሷ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ጣታቸውን ወግታ ለካች፤ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶንም ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ ማታ ቤት እንዲለኩ አሳሰበች። ኦክሳሊፕላቲን የወሰደ ሰው ብርድ ሲነካው እጁንና ጉሮሮውን ስለሚነዝረው ትኩስ ሻይና ብርድ ልብስም አቀረቡላቸው፤ ለዚያ አካባቢ የጠዋት ቁር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በመስታወቱ በኩል ያየሁት አሠራርም የሚያስመሰግን ነው። ሲስፕላቲን ቢቀዘቅዝ ስለሚዘቅጥ ብልቃጦቹ ከማቀዝቀዣ ውጭ፣ ብርሃን በማይደርስበት ሳጥን ተቀምጠዋል። አሉሚኒየም ሲነካው ጥቁር ዝቃጭ እየሠራ ኃይሉን ስለሚያጣም መርፌዎቹ ይህ ብረት እንደሌለባቸው ይመረመራሉ።

ወቀሳዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በአንድ ተረኛ እጅ ኦክሳሊፕላቲኑ ሊሰጥ ሲል መድኃኒቱ ወደ ደም ሥር የሚያልፍበት ቱቦ በኖርማል ሳላይን ሊታጠብ ነበር፤ ሌላዋ ነርስ ደርሳ በዴክስትሮስ አስለወጠችው። ማዘጋጃ ክፍሉ የሚያውቀውን አልጋው ዘንድ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ካላወቀው የክፍሉ ጥንቃቄ የመጨረሻዋ ሜትር ላይ ይባክናል። ሁለተኛውና ይበልጥ ያሳሰበኝ የከረጢቱ መለያ ወረቀት ነው፦ የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ መጠንና ቀኑ ሲኖሩበት ሰዓቱ የለበትም። የተበረዘ ኦክሳሊፕላቲን በክፍል ሙቀት የሚቆየው 6 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም ሐኪሙ ዘግይቶ መድኃኒቱ ሳይሰቀል ቢያረፍድ፣ ቀኑን ብቻ የያዘ ወረቀት ከረጢቱ አሁንም ይሰጥ ወይስ ይጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ይህንን ለባለሙያው ስነግረው የታተመው ቅጽ ቦታ እንደሌለው አሳየኝና በእስክሪብቶ «ተዘጋጀ 3፡40» ብሎ ከዳር ጻፈበት፤ በቀጣዩ ቀጠሯችን ግን ሌላ ተረኛ ያዘጋጀው ከረጢት እንደገና ያለ ሰዓት መጣ። አክስቴን አሁንም እዚያው እወስዳቸዋለሁ፤ ከረጢቱ ከመሰቀሉ በፊትም ስንት ሰዓት ላይ እንደተበረዘ እጠይቃለሁ።