ባለ ሦስት ዓምዱ የበጀት ሠንጠረዥ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ደመወዜ ወር ሳይሞላው እያለቀ ሲያስጨንቀኝ፣ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩ። ዓምዶቹ ሦስት ናቸው፦ የግድ፣ ምኞት፣ ቁጠባ። ግብርና ሌላው ተቀናሽ ወጥቶለት እጅ የሚገባውን ገቢ 50፣ 30 እና 20 በመቶ አድርጎ ያከፋፍላል። ክፍፍሉን በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆኑት ኤልዛቤት ዋረን ከልጃቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ አስተዋውቀውታል።

ከሁሉ የወደድኩት አንድን ወጪ ለሁለት መክፈል መቻሉን ነው። ስልኬ ሲሰበር፣ ያለ ስልክ ሥራ ስለማይሆንልኝ የአዲሱን ሙሉ ዋጋ «የግድ» ሥር ልጽፈው ነበር። ሠንጠረዡ ግን ከወጪው ጎን «ይህን ሥራ የሚሠራው ርካሹ ስንት ነው?» ይላል። ካሜራው ያስፈልገኛል፣ ቶሎ አያረጅም እያልኩ አንድ ምሽት ሙሉ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። በመጨረሻ ከዋጋው ግማሽ ያህሉ ወደ «ምኞት» ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ጫማ ስገዛም ይኸው ጥያቄ ቀድሞ ይመጣብኛል።

ብድርንም በትክክል ይይዛል፤ የግዴታው ወርሃዊ ክፍያ «የግድ» ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ከቁጠባው 20 በመቶ ላይ ይነሳል።

ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም። በዓመት አንዴ ለሚመጣ ወጪ ቦታ የለውም። በአራተኛው ወር የኢንሹራንስ ክፍያዬ ደርሶ ያጠራቀምኩትን ጠራርጎ ወሰደው። አሁን የዓመቱን ክፍያ ለ12 አካፍዬ በየወሩ የማስቀምጥበት መስመር ጨምሬያለሁ።

ይበልጥ ያስቆጣኝ መቶኛዎቹ መቆለፋቸው ነው። የቤት ኪራዬ ብቻውን 41 በመቶ ይወስዳል፤ ምግብና መጓጓዣ ሲጨመሩ 63 ይደርሳል። ሠንጠረዡ በየወሩ ቀይ ያበራብኛል። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ይህ ቀይ መብራት ምን ይጠቅመዋል? ኪራይ በተግሣጽ አይቀንስም! ቁልፉን ፈትቼ 63፣ 22 እና 15 አደረግሁት። 20 አስቀምጦ ወሩ ሳያልቅ ከማውጣት፣ ሳይነካ የሚከርም 15 ይሻለኛል። ዛሬ ያለኝ ቁጠባ የአንድ ወር ያህል የግድ ወጪዬን ይሸፍናል።

ቋሚ ደመወዝ ላለው ጀማሪ ያለማመንታት እመክረዋለሁ። እህቴ ግን በኮንትራት ስለምትሠራ ገቢዋ ይዋዥቃል፤ ሠንጠረዡም አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚቀበል ሁለት ጊዜ ጀምራ ተወችው። በሦስተኛው ባለፈው ዓመት ያገኘችውን ዝቅተኛውን የወር ገቢ ሞላችበት፣ ከዚያ የተረፈውን ሁሉ በቀጥታ ወደ ቁጠባ ታስገባለች። አምስተኛ ወሯን ይዛለች።