የድሮ የሙዚቃ ዲስክ ለፋይል ማስቀመጫ፦ የትኛው ያዋጣል?

ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ቤት ሲቀይር አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ዲስክ አገኘ። ከላይ «ሙዚቃ» ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈባቸው ባዶ ሲዲ-አሮች (አንዴ ብቻ የሚጻፍባቸው ሲዲዎች)፣ መሀል ላይ ጥቂት ሲዲ-አርደብሊው፣ ከሥር ደግሞ በፕላስቲክ ቤታቸው የታሸጉ ሚኒዲስኮች፣ ማለትም የሶኒ ትንንሽ የሙዚቃ ዲስኮች። ፎቶ አንስቶ ላከልኝና «የልጆቹን ፎቶ ላስቀምጥበት ወይስ ልጣለው?» አለኝ።

ከሙዚቃው ሲዲ-አር እንጀምር። ጽሑፉ አያስፈራችሁ፤ ኮምፒውተር ላይ ከተራው ሲዲ-አር ጋር አንድ ነው። የሚለየው ዲስኩ ላይ ያለች አንዲት ምልክት ናት። ድሮ ከቴፑ ጎን ይቀመጥ የነበረው የቤት ሲዲ መቅጃ ያቺን ምልክት ካላየ አልቀዳም ይላል። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 በወጣ ሕግ፣ ከእንዲህ ያለ ባዶ ዲስክ ዋጋ 3 በመቶው ለሙዚቃ ባለመብቶች ይከፈላል። የኮምፒውተር በርነር (ሲዲ ላይ የሚጽፈው ድራይቭ) ግን ምልክቷን ከነመኖሯም አይቆጥራት። ስለዚህ ቤት ያለውን ተጠቀሙበት። ለፋይል ብሎ አዲስ የሙዚቃ ሲዲ መግዛት ግን ብር መበተን ነው።

አንድ ግር የሚል ነገር አለ። የ80 ደቂቃ ሲዲ ዘፈን ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ከ800 ሜጋባይት ያልፋል። ያው ዲስክ ፋይል ሲሆን የሚይዘው 700 ነው። ቀሪው ቦታ የት ገባ? ለስህተት ማረሚያ ዋለ። ዘፈን ላይ ትንሽ ጭረት ቢኖር ጆሮ አያውቀውም። ፋይል ላይ ግን አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ዶክመንቱ ላይከፈት ይችላል።

ዘፈን የተቀዳበት ሲዲ-አርስ? እሱን እርሱት። የበርነሩ ጨረር የዲስኩን ቀለም አንዴ ከለወጠው መመለሻ የለውም። የሚጠፋውና እንደገና የሚጻፍበት ሲዲ-አርደብሊው ነው፤ እስከ 1000 ጊዜ ያህል ይባላል። ያረጁ ማጫወቻዎች ግን አንዳንዴ እምቢ ይሉታል።

ሚኒዲስክ ደስ ይላል፤ እጅ ላይ ሲይዙት ራሱ ልብ ይሰርቃል። ሶኒ በ2004 ሃይ-ኤምዲ የሚባለውን አዲስ የሚኒዲስክ ዓይነት ሲያወጣ፣ የድሮው የ80 ደቂቃ ዲስክ በአዲሱ መንገድ ፎርማት ተደርጎ 305 ሜጋባይት ፋይል እንዲይዝ አደረገው። መሣሪያው በዩኤስቢ ሲሰካ ዲስኩ እንደ ፍላሽ ይታያል። ችግሩ ሦስት ነው። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ዘፈን ይጠፋል። የድሮ ማጫወቻ ከዚያ በኋላ አያነበውም። ከሁሉም የሚብሰው መሣሪያው ነው፤ የመጨረሻው በእጅ የሚያዝ የሶኒ ሃይ-ኤምዲ መቅጃ የወጣው በ2006 ስለሆነ ዛሬ የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው። ሶኒ ባዶ ሚኒዲስክ ማምረቱንም በየካቲት 2025 አቁሟል። የሃይ-ኤምዲ መሣሪያ ቤታችሁ ካለ ተጫወቱበት። ለፋይል ብላችሁ ግን አትግዙ።

ፍላሽስ? 32 ጊጋባይት የሚይዘው አንዱ ከ40 ሲዲ በላይ ይውጣል፤ በቦታ ውድድር የለም። ግን ፍላሽ ይዛችሁ አንድ ማተሚያ ቤት ገብታችሁ ቫይረስ ይዛችሁ የወጣችሁበትን ቀን አስታውሱ። በርን ተደርጎ የተዘጋ ሲዲ-አር ላይ ቫይረስ ምንም ሊጽፍ አይችልም። ዲግሪን፣ የልደት ሰርተፊኬትንና የቤት ካርታን ስካን አድርጎ ለማስቀመጥ እስካሁን እወደዋለሁ፤ ሌላ ቅጂ እስካለ ድረስ።

ለማንኛውም መጀመሪያ ስለ ድራይቩ አስቡ። የዛሬ ላፕቶፕ አብዛኛው የሲዲ ማስገቢያ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ለ10 ዲስክ ብቻ ብላችሁ ከምትገዙ በዚያው ብር ሁለት ፍላሽ ግዙና ፋይሉን ሁለቱም ላይ አስቀምጡ።

የአክስቴ ልጅ ድራይቭ ነበረው። ሲዲዎቹን በርን ሲያደርግ ሁለቱ ተበላሹበት፤ ባዶ ሆነው ዓመታት ተቀምጠዋልና አይገርምም። የቀሩትን ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ካየ በኋላ ነው ያስቀመጣቸው። ሚኒዲስኮቹን አልነካቸውም። አንዱ ላይ በእናቱ እጅ «መዝሙር» ተብሎ ተጽፎበታል። አሁን ማጫወቻ እያፈላለገ ነው።