ላንድ ክሩዘር ኤች ጄ 75 በሰሜን ሸዋ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ ስለ ረጅሙ ላንድ ክሩዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1990 የተሠራው፣ 2 ኤች የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያይ አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት። አብዛኛው ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ ነው። የኔው የሚያድረው ደብረ ብርሃን ሲሆን ሥራው አንኮበርና አልዩ አምባ፣ ጣርማ በር፣ መሐል ሜዳና ጓሳ፣ አልፎ አልፎም ወደ ጀማ ሸለቆ መውረድ ነው፤ ድንኳን፣ ውሃና ስንቅ ተጭኖ። ክረምቱ ሲወጣ ጀምሮ የበጋውን ውርጭም የበልጉን ጭቃም አይቷል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በዚህ አገር ይህ መኪና የሚመዘነው ዳገት ሲወጣ ሳይሆን ቁልቁለት ሲወርድ ነው። ዳገቱን ቀስ ብሎም ቢሆን ይወጣዋል። ቁልቁለቱን በሰላም የሚወርደው ግን ፍሬኑ፣ የፊት አክስሉና ጎማው በደንብ የተያዘለት እንደሆነ ብቻ ነው።

ሞተሩ

ስድስት ሲሊንደር፣ 3,980 ሲሲ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የለውም። ጉልበቱ ከባሕር ወለል ላይ እንኳ ከ100 ፈረስ ብዙም አይዘልም። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ጓሳ ላይ ጉድለቱ ወደ ሢሶ ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ የሳሳ አየር ስለሚስብ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ጭነት ይዞ ሲወጣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ጥሩምባ ቢነፋባችሁ አትቀየሙ።

«የናፍጣ ፓምፑን ከፍ ላድርግልህ» የሚል መካኒክ አይጠፋም። ናፍጣ ቢጨመር የሚያቃጥለው አየር ከየት ይመጣል? ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ የሞቀ ሞተርና የባሰ ፍጆታ ነው። አስፋልት ላይ በሊትር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር፣ በኮረኮንችና በከባድ ማርሽ ደግሞ ወደ 5 ይሄዳል። ከዚያ በታች ከወረደ ፓምፑን ሳይሆን የአየር ማጣሪያውንና ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች መጀመሪያ እዩ፤ የመንዝ አቧራ ማጣሪያን ቶሎ ይደፍናል።

የዚህ ሞተር ትልቁ በጎነት ታይሚንጉ (ቫልቮቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተው) በቺንጋ ሳይሆን በጥርስ መዞሩ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ የተተካው 4,164 ሲሲ ሞተር ይበልጥ ይፈጥናል፤ ነገር ግን የታይሚንግ ቺንጋው በጊዜው ካልተቀየረ ተበጥሶ ቫልቭ ያጣምማል። ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው ጥርሱ አንድ ጭንቀት ይቀንሳል።

ነዳጅ ከበርሜል የሚቀዳበት ቦታ ላይ ውሃና ቆሻሻ አብሮ ይገባል። ተጨማሪ የናፍጣ ፊልትሮ መያዝ ግድ ነው። ፊልትሮ ሲቀየር አየር ስለሚገባ፣ የማስተንፈሻዋን ቡሎን ላላ አድርጎ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ በእጅ ፓምፑ መግፋት፣ ከዚያ ማጥበቅ። ይህን ሳያደርጉ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማሽከርከር ባትሪ መግደል ነው።

ቁልቁለቱ

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ለዚህ መኪና ዋናው ፈተና ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ወርዶ የሚጨርሰው ማርሽ እንጂ ፍሬን አይደለም። ከመውረዱ በፊት ቆሞ፣ የሁለቱን የፊት ጎማዎች ሃብ (ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘውን) በእጅ ወደ ሎክ ማዞር፣ ፎር ዊል ሎው (የአራቱን ጎማ ከባድ ማርሽ) ማስገባት፣ እንደ መንገዱ ከባድነት በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ መልቀቅ። ፍሪሲዮን አይረገጥም። ሞተሩ ከ3,000 ዙር አልፎ መጮህ ሲጀምር ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ፤ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ግን ሸራውንም ዲስኩንም ያቃጥላል።

ሃቡን ሳይዘጉ ሎው ብቻ የሚያስገቡ ብዙ ሾፌሮች አሉ። ማርሹ ይከብዳል፣ ነገር ግን ሞተሩ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ቀሎ ይቀራል፤ ጠጠር ላይ ሲደርስ ይንሸራተትና የመኪናው ጅራት ወደ ገደሉ መዞር ይጀምራል። በአራቱም ጎማ ሲያዝ ይህ አይመጣም። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲደርሱ ግን ወዲያው ማውጣት ነው፤ የፊትና የኋላ አክስሉ በእኩል ስለሚታሰር ክሮቼራውንና ካምቢዮውን ይጎዳል።

በሁለቱ አክስል መካከል 2.98 ሜትር ስላለ ጠባቡን ኩርባ በአንድ ጊዜ አይዞርም። ወደ ኋላ መመለስ ሲያስፈልግ የሚያይ ሰው ታኮ ይዞ ይውረድ፤ የመኪናው አፍንጫ ወደ ገደሉ ጅራቱ ወደ ተራራው ቢሆን ሾፌሩ የሚፈራውን ነገር በዓይኑ ያያል። በተቃራኒው ሲሆን ገደሉ ከስኮርታው ጀርባ ነው ያለው።

ፍሬን በከፍታ ላይ

የፊቱ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ነው። ደጋ ላይ ፔዳሉ ደንደን የሚልበት ምክንያት ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ፍሬኑን የሚያግዘው ቡስተር የሚሠራው በውጪው አየር ግፊትና ከዲናሞው ጀርባ ያለችው ትንሽ ፓምፕ በምትፈጥረው ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው። 3,300 ሜትር ላይ የውጪው ግፊት ከባሕር ወለሉ ሁለት ሢሶ ብቻ ስለሆነ እርዳታውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የዲናሞዋ ፓምፕ ካረጀች ደግሞ ሁለቱ ጉድለት ይደራረባል። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ከጠፋ ከአንድ ሁለት ርግጫ በላይ እርዳታ የለም።

ሙከራው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉ እስኪደነድን መርገጥ፣ እንደረገጡ ይዞ ማስነሳት። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መስጠም አለበት፤ ካልሰጠመ ቡስተሩ፣ ፓምፗ ወይም የጎማ ቱቦው ችግር አለበት። ቱቦው መጀመሪያ ይታይ፤ አርጅቶ መሰንጠቁ የተለመደ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉ ይቀላል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 3 አዲሱ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወለል ይነካል። ዘይቱን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ከበጋው ጉዞ በፊት ሙሉ በሙሉ መቀየር። የሚጨመረው ዘይት ከታሸገ ዕቃ ይሁን፤ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጣሳ ውሃ ጠጥቷል።

ራዲያተር

ጣርማ በር ላይ ክዳን የሌለው ውሃ ከ90 ዲግሪ በታች ይፈላል። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 የሚል ምልክት ያለው ጤነኛ ክዳን በዚያ ከፍታ መፍላቱን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ያሳጣል፤ «ራዲያተሩ ተዘግቷል» ተብሎ ከሚወርድ በፊት ክዳኑ ይቀየር። ባዶ ውሃ መጨመርም እዚህ አያዋጣም፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ውሃው ረግቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ያስፈልጋል።

የፊት አክስል

ጎማው በሚታጠፍበት ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ብረት በእጅ ዳብሱት። ቀጭን የግሪስ ሽፋን ጤና ነው። የሚንጠባጠብ ቀጭን ዘይት ካለ የውስጡ ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ግሪሱን እያጠበው ነው። በዚህ ሁኔታ መንዳት ጎማው ታጥፎም እንዲዞር የሚያደርገውን ሲቪ ጆይንት ይበላል፤ መሪ ሙሉ በሙሉ ታጥፎ በፎር ዊል ሲሄድ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ገና መጮህ የጀመረ ከሆነ የግራና የቀኙን ማቀያየር ዕድሜ ይጨምራል፤ የተበላው ወደ ፊት የሚገፋበት ጎን ስለሆነ ሲቀያየር ያልተነካው ጎን ሥራውን ይረከባል።

ሥራው የአንድ ሙሉ ቀን ነው። የሃቡን ዳዶ ለመፍታት 54 የሚባለው ቁልፍ ያስፈልጋል፤ በፌሮና በመዶሻ የሚመታ ጋራዥ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ዳዶው ተበልቶ የጎማው ኩሽኔታ ልክ ማግኘቱ ይቀራል። ኦይል ሲሎቹ በሙሉ በአንድ ኪት ይቀየሩ። በ60 እና በ70 ፍጥነት መካከል መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የመታጠፊያው ላይኛና ታችኛ ኩሽኔታ ላልቷል፤ ጎማ ባላንስ ማሠራት አይፈታውም።

ጎማና መረሬ

ልኩ 7.50 በ16 ነው፣ ቀለበት ባለው ቸርኬ ላይ፣ የውስጥ ጎማ ያለው። የትኛውም የወረዳ ከተማ ጎሚስታ ይጠግነዋል፤ እዚህ አገር ዘመናዊ ጎማ ያላገኘው ብልጫ ይህ ነው። አደጋው ቀለበቱ ነው፦ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ ማለትም የቫልቩ ልብ ሳይነቀል፣ ቀለበቱን መንካት አይገባም። ሲነፋም ቀለበቱ ወደ መሬት ተደፍቶ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ይነፋ፤ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

ኮረኮንች ላይ አየሩን ወደ 28 ፒኤስአይ ማውረድ መኪናውንም ወገብንም ያሳርፋል። ከ20 በታች ግን አይውረድ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የውስጡን ጎማ ቫልቭ ከሥሩ ይበጥሰዋል።

ከደነባ እስከ እነዋሪ ያለው ሜዳ መረሬ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ነው። ዝናብ ከነካው ጎማው ጥርሱ ተሞልቶ ልሙጥ ይሆናል፤ ፎር ዊልም አያድንም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግማሽ ቀን ፀሐይ መጠበቅ ከመቆፈር ይሻላል። ሜዳው ላይ ከጎማ ሥር የሚደረግ ድንጋይ ስለማይገኝ 1 ሜትር ከ20 የሆኑ ሁለት ወፍራም ጣውላዎችና ክሪኩ የሚቆምበት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት መያዝ አለበት፤ ያለዚያ ክሪኩ ራሱ ይሰጥማል። አካፋ፣ ዶማና ካቦ ሳይባል የታወቀ ነው።

ወንዝ ሲሻገሩ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ በኦይል ሲሉ በኩል ይስባል። የአክስሉን መተንፈሻ በቀጭን ቱቦ እስከ ኮፈኑ ውስጥ ማስረዘም ይህን ያስቀራል። ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱን ማየት፤ ወተት ከመሰለ እዚያው ሳምንት ይቀየር።

ማደሪያነቱ

የኋላው ወንበር ሲነሳ መካከለኛ ሰው ተዘርግቶ ይተኛበታል። ጓሳ ላይ ይህ ከድንኳን ይመረጣል፤ ካምፑ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱን ድንኳኑ በአመዳይ ይሸፈናል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከላይ፣ ባና ከታች፤ ቅዝቃዜው ከወለሉ ብረት ነው የሚመጣው። መስኮት በሁለት ጣት ያህል ይከፈት። የከሰል ምድጃ መኪና ውስጥ ማስገባት ግን አይታሰብም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ውሃው 90 ሳይደርስ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ለመብሰል ብዙ ይዘገያል። ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ቆሎ ይዞ መሄድ ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር ሲደርቅ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦም አይቆረጥም፤ ምድጃ ተይዞ ይኬዳል። ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ ድንኳንና ፍራሽ ብቻ ይጫን። ውሃ፣ ናፍጣና ስኮርታ ጎማ ላይ ሲወጡ ጎን ለጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ መኪናውን ይገለብጡታል።

ጠዋት ሲነሳ የማሞቂያው መብራት እንደጠፋ ወዲያው አይነሣ፤ ጥቂት ሴኮንድ ተጨማሪ ይጠበቅ። ነጭ ጭስ አውጥቶ ተንቀጥቅጦ ከተነሣ አንድ ወይም ሁለት የማሞቂያ ካንዴላ ሞቷል። ከደብረ ብርሃን ሳይወጡ ደግሞ መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን ከሾፌሮች መጠየቅ ነው።

ለሚገዛ

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዳይገቡ በመከልከሉ የአሮጌ ላንድ ክሩዘር ዋጋ አልቀነሰም። ያገለገለ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው) ግን አዲስ ይገዛ። ሲገዛ ሞተሩን ሳይሆን መጀመሪያ ከሥር ገብቶ ቻሲሱን ማየት፦ የኋላ ባሌስትራ መያዣው አጠገብ የተበየደ ካለ፣ ቀለም ከተቀባም በካቻቢቴ መፋቅ። ሞተር ይሠራል፤ እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ቻሲስ ግን ጭነት ተይዞ አልዩ አምባ ሲወረድ ይከፈታል።