ድፍርስ ውሃ ላይ ባስ የተባለውን ዓሣ ለምትይዙ፦ ሉር (ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) መምረጥ የሚያውቅ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የምትኖሩ ዓሣ ማስገር የምትወዱ ወገኖች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ኦኮኳን አካባቢ አንድ የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የሚሠራ ሐበሻ ወንድማችንን በአደባባይ ላመሰግነው ፈልጌ ነው። ፈቃዱን ሳልጠይቅ ስሙን አልጽፍም። የሱቁን አድራሻ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

የኦኮኳንን ግድብ የምታውቁት ጠባዩንም ታውቁታላችሁ። ደህና ዝናብ ከጣለ በቡል ረንና በሌሎቹ ገባሮች የሚመጣው ጎርፍ ያደፈርሰዋል። በጠራ ውሃ ላይ ሲይዝ የነበረው ሉር ያን ጊዜ ዋጋ የለውም። ብዙ ሻጭ ይህን ስትነግሩት የሚያብለጨልጨውንና ውዱን ያወጣላችኋል። ይህ ልጅ ግን መደርደሪያው ጋ ሳይደርስ ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ውሃው ምን ይመስላል?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጭቃ ያደፈረሰው ውሃ አለ። ቅጠልና ቅርፊት በስብሶበት ሻይ የመሰለ፣ ጭቃ ግን የሌለበት ውሃም አለ፤ ወደ ሪችመንድ በኩል ያለው የቺካሆሚኒ ሐይቅ እንዲያ ነው። ለጭቃው ጥቁር ከሰማያዊ ጋር የተቀላቀለ፣ ወይም ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ይሰጣችኋል። ሻይ ለመሰለው ወርቃማ ወይም የመዳብ ቀለም ያለው ምላስ (ሉሩ ሲጎተት የሚሽከረከረው ስስ ብረት) ይመርጣል። የድፍርሱን ልክ ለማወቅ ደግሞ ነጭ ሉር ከዘንጋችሁ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ ይላል። አንድ ጫማ ሳይወርድ ከዓይን ከጠፋ በጣም ደፍርሷል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ጫማ ድረስ ከታየ ገና ብዙ ምርጫ አላችሁ።

እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን ምላሱን ያሳየኝ ቀን ነው። ሱቁ ውስጥ ረዘም ያለች የሙከራ ገንዳ አለች። ሁለት ስፒነርቤይት (ምላስ ያላቸው ሉሮች) አወጣ፣ ክብደታቸው እኩል። አንዱ ቀጭንና ረጅም ምላስ ያለው ነው፣ ዊሎው የሚሉት። ሌላው ክብ ነው፣ ኮሎራዶ። ዘንጉን አስያዘኝና «ዓይንዎን ይጨፍኑና ይጎትቱ» አለኝ። ዊሎው ለስለስ ብሎ አለፈ። ኮሎራዶው እጄ ላይ ድም ድም አለ፤ ዘንጉ እስከ እጀታው ተንቀጠቀጠ። ባስ ጎንና ጎኑ ላይ ባለው መስመር የውሃን ንዝረት ይሰማል። ዓይኑ በማይሠራበት ውሃ ውስጥ ሉሩን የሚያገኘው በዚያ ነው። ይህን ማንም ሊነግራችሁ ይችላል፤ በእጃችሁ እንዲሰማችሁ የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው።

ቀለም ላይ ለሚጨነቁም መልስ አለው። የባስ ዓይን ቀይና አረንጓዴን ደህና አድርጎ ይለያል። ሰማያዊና ጥቁር ግን ይምታቱበታል፤ ደማቁ ቢጫ አረንጓዴም ከነጭ ጋር እንደዚያው። ስለዚህ በየዓይነቱ ጥቁርና ሰማያዊ መግዛት አያስፈልግም። ይህን የሚነግራችሁ ዕቃ ሊሸጥላችሁ የቆመ ሰው መሆኑን ልብ በሉልኝ። ተጨማሪ ሣጥን ይዤ ወደ ሒሳብ ስሄድ «ይሄ ለዚህ ውሃ አይሆንም፣ ይመልሱት» ብሎኝ ያውቃል።

ከዚያ አጎታተት። በድፍርስ ውሃ ባስ ከግንድ፣ ከድንጋይና ከጀልባ ማቆሚያ ምሰሶ ሥር ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ጥልቀት ወደሌለው ዳርም ይጠጋል። ሩቅ መወርወር ትርፉ ድካም ነው። ግንዱን አስጠግታችሁ ጣሉ፤ ዓሣው እንዲደርስበት በዝግታ ጎትቱ። አፍንጫው አራት ማዕዘን የሆነውን ክራንክቤይት (ትንሽ ዓሣ የሚመስል ጠንካራ ሉር) ሆን ብላችሁ ከግንዱ ጋር አጋጩት፤ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ተጋጭቶ ሲፈናጠር ነው። ካልሆነ ጥቁር ሰማያዊ ጂግ (ራሱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ)፣ ከኋላው ወፈር ያለ የፕላስቲክ ጭራ አስገብታችሁ። ክሩንም ወፈር አድርጉት፣ ዓሣው እንደሆነ አያየውም።

ለጀማሪ ልጆች ክር ሲጠቀልልና ቋጠሮ ሲያስተምር የሚያሳየውን ትዕግሥት ብነግራችሁ አያልቅም። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ይጨናነቃል፤ በሥራ ቀን ከሰዓት ብትሄዱ ተረጋግቶ ያናግራችኋል። የውሃውን ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። 16 ዓመት የሞላችሁም የቨርጂኒያ የማስገር ፈቃድ ማውጣት አትርሱ።