ለቮልስ የፊት መብራት የሚሸጠው የሪሌ ኪት፦ ከተገጠመ በኋላ የቀረበ ግምገማ

አሮጌ ቮልስ የሚነዳ ሰው የፊት መብራቱ ሲደበዝዝበት ቀድሞ የሚያስበው አምፖል መቀየርን ነው፤ መለዋወጫ ሻጩም ቢሆን ከዚህ የተለየ ምክር አይሰጠውም። በ1972 እ.ኤ.አ. በተሠራች ባለ 12 ቮልት ቮልስ ላይ ያስገጠምኩት ባለ ሁለት ሪሌ ኪት ግን (ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝ ማብሪያ ነው) ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ሽቦው ላይ እንደሆነ አሳይቶኛል።

በቮልስ ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከዚያ የሚነሣው ኤሌክትሪክ እስከ ፊት ተጉዞ፣ በመብራት ማብሪያው፣ ረጅምና አጭር መብራትን በሚያቀያይረው ሪሌ፣ ከዚያም ጫፋቸው ክፍት በሆነ የሴራሚክ ፊውዞች በኩል አልፎ ነው አምፖሉ ዘንድ የሚደርሰው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ ዝገት የያዘው መጋጠሚያ ሁሉ የየድርሻውን ቮልት ይበላል። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩ ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት ሲያነብ፣ አጭሩን መብራት በሚያበራው ቢጫ ሽቦ ጫፍ ላይ ያነበበው 11.2 ብቻ ነበር። ይህ ልዩነት በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ የአምፖሉ ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ መኪናዋ ስታበራ የቆየችው ከሚገባት ግማሽ ያህሉን ነበር ማለት ነው።

ሪሌው ይህን መንገድ ያሳጥረዋል። የነበሩት ሽቦዎች፣ ማለትም የረጅሙ ነጭና የአጭሩ ቢጫ፣ ከእንግዲህ ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ይሆናል ሥራቸው፤ አምፖሎቹ የሚስቡት ዋናው ኤሌክትሪክ በሪሌው 30 ቁጥር ገብቶ በ87 ቁጥር በአዲስ ሽቦ ይወጣል። ማብሪያውም ከሙቀት ይድናል። ከተገጠመ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ 13.1 ቮልት ተነቧል።

በኪቱ ጥራት ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። የተሠራው ባትሪያቸው ከሞተሩ ጋር ከፊት ለሆነ መኪኖች በመሆኑ፣ የባትሪው ሽቦ ለቮልስ ፈጽሞ አይደርስም። ኤሌክትሪሺያኑ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በመኪናዋ ወለል በኩል እስከ ፊት ኮፈኑ ድረስ ዘርግቶ፣ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አደረገው፤ ፊውዙ ወደ ፊት ቢርቅ ኖሮ ረጅሙ ሽቦ ሲላጥ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም ነበር። የማሳው፣ ማለትም ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ፣ ቀለበት ደግሞ በደንብ ስላልተጨመቀ በእጅ ሲሳብ ተነቅሎ ወጣ። እርሱን በብየዳ ማጠንከርና የሚታሰርበትን ብረት ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ መፋቅ አስፈልጓል። ሶኬቶቹ ግን ጥሩ ሴራሚክ ናቸው፤ የአምፖሉን ሙቀት ይችላሉ።

ወደ አምፖሉ ስንመጣ፣ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ቮልሶች የሚይዙት የቀድሞውን ባለ 45/40 ዋት (ለረጅሙ 45፣ ለአጭሩ 40) አምፖል ነው። ኤች 4 የሚባለው የሃሎጂን አምፖል ዓይነት 60/55 ዋት ሲሆን፣ የእግሩ ቅርጽ ስለሚለያይ በቀድሞው መብራት ላይ እንዲሁ አይገባም፤ ሶኬቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የቀድሞው ዓይነት እግር የተገጠመላቸው ሃሎጂኖች ይሸጣሉ፣ እኔም የመረጥኩት እነርሱን ነው። መግዛት የሚያዋጣው ግን የመብራቱ ውስጠኛ አንጸባራቂ ሳህን ካልጠቆረ ብቻ ነው። ለአሜሪካ የተሠሩት አምፖሉና መስታወቱ አብረው የታሸጉ ስለሆኑ ይህ አይመለከታቸውም፤ በ6 ቮልት የሚሠሩት የቀደሙት ሞዴሎችም ለዚህ ኪት አይሆኑም።

የኤልኢዲ አምፖል ሞክር ያሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ አልተስማማሁም። በኤች 4 ውስጥ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ያለችው ትንሽ የብረት ጽዋ ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይሄድ ትከልላለች፤ ሳህኑም የተቀረጸው ለክሩ ትክክለኛ ቦታ ነው። አብዛኞቹ ኤልኢዲዎች ይህን ቦታ ስለማይጠብቁ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ምን እንደሚል በየሌሊቱ አውራ ጎዳና ላይ የሚነዳ ያውቀዋል።

ኪቱ የማይፈታው አንድ ነገር ዲናሞውን ነው። የቀድሞው ዲናሞ ቢበዛ 30 አምፔር ስለሚሰጥ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር) ሲሆን መብራቱ አሁንም ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ባለ 100 ዋት አምፖሎችን ለዚህ መኪና አልመክርም፤ ሁለቱ ረጅም መብራቶች ብቻቸውን ከ16 አምፔር በላይ ይወስዳሉ።