«ፉል ፓኬጅ» የተባለውን የዛፍ መውጫ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ አካባቢ ዛፍ የምትከረክሙ፣ ቀፎ የምትሰቅሉ፣ የዛፍ ዘር የምትለቅሙ ሁሉ ይቺን አንብቧት። ሰሞኑን በቴሌግራም «የዛፍ መውጫ ፉል ፓኬጅ» እየተባለ የሚሸጥ ዕቃ አለ። ዋጋው 12,000 ብር ነው። ከረጢቱ ውስጥ ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት መንከሻ፣ የወገብ ቀበቶ፣ አንድ ካራቢነር የሚባል የሚከፈት የብረት ቀለበትና ገመድ አለ። ሻጩ «እሷን እግርህ ላይ ካሰርክ ሌላ ምንም አያስፈልግህም፣ አብሽር» ይላል። እንዳትሰሙት።

መንከሻዋ በራሷ መጥፎ ዕቃ አይደለችም። ፉት አሴንደር ትባላለች። ገመዱ በጥርሳሙ ካም፣ ማለትም ገመድ በሚጨብጠው ተንቀሳቃሽ ምላስ በኩል ያልፋል። እግር ሲነሳ ይንሸራተታል፣ ሲረገጥ ጥርሱ ይነክሰዋል። ስለዚህ የሚሠራው ክንድ ሳይሆን ጭን ነው። ቀኑን ሙሉ ባህር ዛፍ ላይ ለሚውል ሰው ትልቅ እፎይታ ናት።

ግን ነፍስ አትይዝም። እግርን ወደ ኋላ ወርወር ሲያደርጉ ገመዱ ከውስጧ ሊወጣ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቅርንጫፍ ላይ ሲደርሱ ቶሎ ለመላቀቅ ይጠቅማል። ፔትዝል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ «ፓንቲን» የሚላትን መንከሻ ሲሸጥ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዳልሆነች ራሱ በመመሪያው ይጽፋል። ሰውን የሚይዘው ከቀበቶው ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር ነው፤ ወይ ገመድ የሚጨብጥ መሣሪያ፣ ወይ በቀጭን ገመድ የሚጠመጠም የፕሩሲክ ቋጠሮ። ፓኬጁ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ካራቢነሯ ዝም ብላ ገመዱ ላይ ትንሸራተታለች። እግር ከተላቀቀ ምን እንደሚከተል እናንተው አስቡት።

አብሮኝ የሚሠራ የኩታበር ልጅ ገዝቶ አምጥቶ አሳየኝ። በጣም ያናደደኝ ገመዱ ነው። 16 ሚሊ ሜትር የሆነ የአይሱዙ ጭነት ማሰሪያ ፕላስቲክ! ፓንቲን እንኳን የምትቀበለው ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ይቺኛዋማ ጨርሶ አልገጠመችም፤ ካሟ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፣ ጥርሷም የገመዱን ክር እየመዘዘ አወጣው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ገመድ ኢኤን 1891 የሚል የአውሮፓ ደረጃ አለው። ጫፉ ተቆርጦ ከታየ እምብርቱ ውስጥ ጽሑፍ ያለባት ቀጭን ሪባን አብራ ትሄዳለች። ሻጩን «ጫፉን ፈተህ አሳየኝ» በሉት። እምቢ ካለ በዚያው ተሰናበቱት።

ዕቃው የሚተዋወቅበትን ቪዲዮም በደንብ እዩት። ልጁ እንደ ደረጃ ሲወጣ ያስቀናል። ከታች ጥግ ላይ ግን ገመዱን ወደ መሬት ወጥሮ የያዘ እጅ አለ። መሬት አካባቢ ከእግር በታች ያለው ገመድ ክብደት ስለሌለው እግር ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ በመንከሻዋ ውስጥ አያልፍም። ገዥው ብቻውን ሲሞክር እዚያው ይጨማለቃል፣ ከዚያ «አንተ ነህ ያልቻልክበት» ይባላል። መላው ቀላል ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ጭራውን በሁለቱ ጫማዎች መሀል ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ ነው። ከፍ ሲሉ የገመዱ የራሱ ክብደት ሥራውን ይረከባል። ሌላው፣ ጉልበትን ወደ ላይ ስቦ እግርን ከመቀመጫ ሥር ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መርገጥ ነው። ወደ ፊት የገፋ ሰው ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ ክንዱም ቶሎ ይዝላል። ይህን የሚያስረዳ አንዲት ወረቀት እንኳ ከዕቃው ጋር የለችም። የግራና የቀኝ እግር መንከሻ እንደሚለያይም አልተነገረውም፤ ቀኝ እግሩን የለመደው ልጅ የግራውን ታቅፎ ቀረ።

ብሩን ሲጠይቅ ሻጩ መጀመሪያ «ገመድ ቀይርና ሞክር» አለው። ቀጥሎ ብሎክ አደረገው። ደረሰኝ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ያለው የቴሌግራም ስም ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ንግድ ቢሮ ሄደን ለማመልከት ግን መጀመሪያ ማን እንደሸጠልን ማወቅ አለብን። ደረሰኝ የማይቆርጥ ሰው ጋ ብር አታስገቡ።

አቅም ያጠራችሁ ደግሞ ከቀበቶው፣ ከገመዱና ከፕሩሲኩ ጀምሩ። የእግሯ መንከሻ የመጨረሻ ትሁን፤ ያለ እሷም በገመድ ዛፍ ይወጣል፣ ትንሽ ያደክማል እንጂ። ቀድማችሁ የገዛችሁ መንከሻዋን አትጣሏት። ካሟን በጣት ከፍታችሁ ልቀቋት፤ ስፕሪንጓ ጥርቅም አድርጎ ከመለሳት፣ ደህና ገመድና ከበላይ ፕሩሲክ ስታገኙ ታገለግላችኋለች። ያንን ገመድ ግን ለአህያ ጭነት አውሉት።